ቦይለሩን ላሠራው ወይስ ልቀይረው?

የስድስት ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ውሃው ነከሰኝ» ስትለኝ አላመንኳትም። ፀጉሯን ላጥባት ስል ሰበብ አታጣም። በሦስተኛው ቀን ግን እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ካላሸች መራመድ የሚከብዳት፣ እጇን እያራገፈች ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። «ቧንቧው ነዘረኝ!» ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ልጄን ይቅርታ የጠየቅኳት ማታ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለው ቤታችን ቦይለር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ 50 ሊትር የሚይዝ፣ ከተገዛ ሰባት ዓመት ያለፈው ነው። ለንደን ያለችው እህቴ በስልክ «ጣሉትና አዲስ ግዙ» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ግን በጋዝ የሚነደውን፣ ቤቱንም ጭምር የሚያሞቀውን ነው፤ የእሱ ሥጋት ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። የእኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በርሜል ነው። ባለቤቴም «አዲስ ይሻላል» አለ። ዋጋ ጠይቄ ስመለስ ሁለታችንም ዝም አልን። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደተወደደ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጎረቤት የላከልን ባለሙያ ገና መፍቻውን ሳያነሳ «እትዬ፣ በርሜሉ ከሥር ያንጠባጥባል?» ብሎ ጠየቀኝ። አያንጠባጥብም። «እንግዲያው ተስፋ አለው» አለ። በርሜሉ ብረት ሆኖ ውስጡ እንደ ሸክላ ሳህን በሚያብረቀርቅ ልባስ የተሸፈነ ነው። ዝገት አንዴ ከበሳው አያዋጣም፤ ብየዳውም ልባሱን ያቃጥለዋል። ቴርሞስታቱ፣ ጎሚኒው፣ ሴፍቲ ቫልቩ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ግን ሁሉም ይቀየራሉ።

የእኛው ሬዚስታንስ ሲወጣ የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን የመሰለ ነጭ ቅርፊት ወፍሮ ለብሷል፤ በአንድ ቦታም ተሰንጥቋል። ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው የገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። አጠገቡ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ፣ ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እሱን እንዲበላ የሚቀመጠው፣ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መታየት እንዳለበት የነገረን ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ኤርዝ የሚሉት ቢጫና አረንጓዴ ገመድ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከቦይለሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከምንም ጋር አልተገናኘም። «አዲስም ብትገዙ እዚሁ ነበር የሚሰቀለው» አለ ባለሙያው። ኤርዙ መሬት ቢደርስና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር ቢኖር ኖሮ፣ መብራቱ ይጠፋል እንጂ ልጄን አይነዝራትም ነበር። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስለ በርሜሉ ዋጋ ስንከራከር ነበር።

አሠራነው። ሬዚስታንሱ፣ ዘንጉ፣ ጎሚኒውና ሴፍቲ ቫልቩ ተቀየሩ። መዳብ መሬት ውስጥ ቀብሮ ኤርዙን ማገናኘትና ብሬከሩን መግጠም ሌላ አንድ ቀን ፈጀ፤ ከቦይለሩ ጥገናም በለጠ። ሁሉም ተደምሮ የአዲሱን ግማሽ አልሞላም። ቴርሞስታቱንም ከ60 ዲግሪ ዝቅ አስደረግኩት፤ በዚያ ሙቀት የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ይቃጠላል።

ይሁን እንጂ ባለሙያው በባትሪ አብርቶ የበርሜሉን ውስጥ አሳይቶኛል፤ በአንድ ጎን ቡናማ ነጥቦች ጀምረዋል። ስለዚህ ከየወሩ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ ለአዲሱ እያስቀመጥን ነው። ከሥሩ የመጀመሪያዋን ጠብታ ያየሁ ዕለት ጥገና አልጠራም።

ልጄ አሁንም አያቷ ቀድማ ካልነካችው ቧንቧውን አትከፍትም። እናቴም በእጇ ጀርባ ነካ ታደርገውና «ነይ፣ ዛሬ አልተቆጣም» ትላታለች።