የሌሊት ማያ መነጽር ለመጋዘን ጥበቃ፤ አናሎግ ወይስ ዲጂታል?

በጅማ መንገድ እስከ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ እስከ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እስከ ሱሉልታ የተጓዘ ነጋዴ የአዲስ አበባ መጋዘን ወደ ዳር እየወጣ መሄዱን ይመሰክራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ግቢው ሰፊ፣ አጥሩም ረጅም ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን ያን ሁሉ ዕቃ የሚጠብቀው አንድ ዘበኛ ከእጅ ባትሪው ጋር ነው። ባትሪውም ዘበኛው የቆመበትን ስፍራ ለሌባው አስቀድሞ ያሳያል። የሌሊት ማያ መነጽር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

አናሎግ የሚባለው መነጽር የጨረቃንና የከዋክብትን ጥቂት ብርሃን በቱቦ ውስጥ በብዙ ሺሕ እጥፍ አጉልቶ ለዐይን ያቀርባል። ዲጂታሉ ግን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ሥዕሉን ተቀብሎ በትንሽ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ጨለማው ሲበረታም ለዐይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ከራሱ ይልካል።

ጥሩ ቱቦ በአንድ የባትሪ ድንጋይ 40 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ሲራመዱም ሥዕሉ አይዘገይም። ዳሩ ግን የሦስተኛው ትውልድ መነጽር ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህ በብር ሲቈጠር ምን እንደሚያህል ለአስመጪው መንገር አያስፈልግም። ከአሜሪካም ያለ መንግሥት ፈቃድ አይወጣም። ደግሞም ቱቦው ተከፍቶ ሳለ ኀይለኛ ብርሃን ቢያርፍበት ሊጎዳ ስለሚችል፣ የጭነት መኪና ሌሊት ለሚመላለስበት ግቢ አይመችም።

ዲጂታሉ በርካሽ ይገኛል፤ ቀንም ይሠራል፤ አብዛኛው ያየውን ስለሚቀርጽም ለፖሊስ የሚያሳዩት ነገር ይኖራል። ጉድለቱ ባትሪ ቶሎ መጨረሱ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ባትሪ አብሮ ማዘዝ ግድ ነው። 850 ናኖሜትር የሚለው ብርሃን ከቅርብ ሲያዩት ቀይ ነጥብ ይታይበታል፤ 940 የሚለው አይታይም፣ ነገር ግን ርቀቱ ያጥራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ሱሉልታ ጉም ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ሥዕሉን ነጭ መጋረጃ ያለብሰዋል።

ከዋጋውም ይልቅ የሚያሳስበው ርቀቱ ነው። በካርቶኑ ላይ 300 ሜትር ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር መኖሩ የሚታወቅበት እንጂ ማንነቱ የሚለይበት ርቀት አይደለም። ከሩቅ ሲታይ ጅብም፣ ሌባም፣ ለኪዳን ማልዶ የወጣ ጎረቤትም ያው አንድ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው። ዘበኛው በዚያ ጥላ ተማምኖ ቢመታ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው፤ ለዚያ የሚተካ ዕቃ በየትኛውም መጋዘን የለም።

ስለዚህ ለአብዛኛው ግቢ መልካም ዲጂታል ይበቃል። አስመጪው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ዕቃው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነ ከጉምሩክ ኮሚሽንና ከፌዴራል ፖሊስ ይጠይቅ። ገዢውም ቢሆን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አንድ ሰው ከአጥሩ ጥግ አቁሞ፣ ፊቱ የሚለይበትን ርቀት በእርምጃ ሳይለካ ገንዘቡን አይክፈል።