ቆሮሶ የሚወለድበት ዳርቻ

ንጋት ላይ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ከሐይቁ አስቀድሞ የሚያየው አባ ኮዳዎቹን ነው። ቁመታቸው የልጅ ያህላል፤ ራሳቸው መላጣ፣ ምንቃራቸው ረጅምና ወፍራም። በሐይቁ ጠርዝ ተሰልፈው ጀልባ ይጠብቃሉ። የእንጨት ጀልባዎቹ ማታ የተጣለውን መረብ ሰብስበው ሲጠጉ ዳርቻው በአንዴ ነፍስ ይዘራል፦ ገዢው ይጠራል፣ ዓሣው በቅርጫትና በጆንያ ይወርዳል፣ ቢላዋ ይሳላል። ወጣቶቹ የአንዱን ቆሮሶ ቅርፊት ፍቀው፣ ሆዱን አውጥተው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ እስኪለዩ ድረስ አጠገባቸው የቆመ ሰው ወሬውን አይጨርስም። አንጀቱ ወደ አባ ኮዳዎቹ ይወረወራል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ወደ ሾርባው ድስት ይገባል።

ቁርሱም እዚያው ነው። ትኩስ ሾርባ በኩባያ ይቀዳል፤ ቃሪያ ይጨመርበታል። ሙሉ ዓሣ ጎንና ጎኑ ተሸንትሮ ዘይት ውስጥ ይጠበስና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ደፈር ያለው ደግሞ ጥሬውን በሎሚና በዳጣ ይበላል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የገባ እንግዳ ስለ ከተማዋ ከሁሉ በላይ የሚያወራው ይህን ቁርስ ቢሆን አያስገርምም። ከውኃ እስከ ገበታ ያለው መንገድ በእርምጃ የሚቆጠርበት ከተማ በአገራችን ብዙ የለም።

የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞረ ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች፣ መንገዶቿ ከጅምሩ ሰፋና ቀጥ ብለው የተተለሙላት ከተማ ናት። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጎዳና ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ስፍራ ላይ ያበቃል። ሐይቁ እንዳያጥለቀልቅ የተሠራው የአፈር ግድብ ዛሬ የእግር መንገድ ሆኗል። አመሻሽ ላይ ጥንዶች፣ ተማሪዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ሙሽራና ሚዜ ሳይቀሩ ይመላለሱበታል። ጀበናዋን ጥዳ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ቆሎ የሚያዞር ልጅ፣ ፎቶ አንሺ፣ ጉማሬ ለማየት ሰው የሚጭን ባለጀልባ፣ ሁሉም እንጀራቸው ከዚች ጠባብ መንገድ ላይ ነው። እዚህ ለመቀመጥ ማንም ምንም ማዘዝ አይጠበቅበትም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከከተማዋ ጋር የሚነካካው ጠርዝ ግን የዳርቻው ጥቂቱ ክፍል ነው። በዚያ ጥቂት ጠርዝ ላይ የዓሣው ገበያ፣ የአሞራ ገደል መናፈሻ፣ የጉዱማሌ መስክ፣ ሆቴሎችና ሪዞርቶች ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሪዞርቶቹ ለከተማዋ ሥራና ስም አምጥተዋል፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርት ሐዋሳን ለስብሰባና ለእረፍት ከሚመረጡ ከተሞች ተርታ ካሰለፏት አንዱ ነው። ይሁንና በሐይቅ ዳር አዲስ አጥር በቆመ ቁጥር የነጻው መንገድ ያጥራል። አጥሩ የሚነካው ደግሞ ተንሸራሻሪውን ብቻ አይደለም፤ ዓሣውንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ በብዛት ለገበያ የሚወጡት ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመናን አይበሉትም፤ ባርበስ አጥንት ይበዛዋል ተብሎ ይታለፋል። የገበያው ክንድ የሚያርፈው በቆሮሶ ላይ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ ለጥቂት ጊዜ በአፏ ውስጥ ይጠለላሉ። ከዚያ ወጥተው የሚያድጉት በመሐል ሐይቅ አይደለም። ሸንበቆና የውኃ ሣር በበቀለበት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ዳርቻ ነው። ሰው ሻይ እየጠጣ ሊያየው የሚፈልገው ጠርዝና ጫጩት ዓሣ የሚደበቅበት ጠርዝ አንድ ነው። ሸንበቆው «እይታ ጋረደ» ተብሎ ሲታጨድ፣ ዳርቻው በድንጋይና በአፈር ሲሞላ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አሞራ ገደል ሊመጣ የሚችለው ቆሮሶ አብሮ ይታጨዳል።

በዚህ ላይ የዘመን መቁጠሪያው ይጨመራል። ቆሮሶ በሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም፣ በብርቱ የሚራባባቸው ወቅቶች ሁለት መሆናቸውን የሐይቁ አጥኚዎች ለይተዋል፤ ከነዚህ አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው። ዐቢይ ጾምም የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሥጋ የተወ ብዙ ሰው ዓሣ ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገዢ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። መረብ የሚበዛውም በዚህን ጊዜ ነው። እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ እንደያዘች ትያዛለች። ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ደግሞ ለአቅመ መራባት ያልደረሰው አብሮ ይወጣል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድና ቁጥጥር የሚባል ነገር አለ፤ በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎችም አሉ። ችግሩ ሕጉ ወረቀት ላይ፣ ጠባቡ መረብ ደግሞ ውኃው ውስጥ መዋሉ ነው። ለዕለት ጉርሱ ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደረን ወጣት ብቻውን ተጠያቂ ማድረግም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መዳፍ የምታክል ቆሮሶ በሰሃን ደርድሮ የሚሸጠው ምግብ ቤትና ሳይጠይቅ የሚበላው እንግዳም በገበያው ሰንሰለት ውስጥ ናቸው።

ሐይቅ ሊጠፋ ይችላል ወይ የሚል ካለ፣ መልሱ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ተኝቷል። ጨለለቃ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈር እየሞላው ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ዋነኛ ወንዝ ጥቁር ውኃ በዚሁ ረግረግ በኩል ያልፋል፤ ረግረጉ ያላስቀረውን ደለል ይዞ ይወርዳል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ደለል፣ ፍሳሽና ፕላስቲክ ታጥቦ የሚሄድበት መውጫ የለም ማለት ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ ለዚህ ነው። ከመኪና እጥበት፣ ከመኖሪያ ሰፈርና ከእርሻ የሚወርደው ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለውም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ የከተማዋን የሱቅ ካርታም ቀይሯል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሲመጡ የኪራይ ክፍሉ፣ ሽሮ ቤቱ፣ የሞባይል ካርድ ሱቁ አብሮ በቀለ። አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ከኢትዮጵያ ስታነሳ፣ ትልልቅ ገዢ ኩባንያዎችም ሲወጡ፣ ድንጋጤው እነዚህ ትንንሽ ሱቆች ድረስ ዘለቀ።

የቆየው ገበያ ግን ሌላ ሥር አለው። ሰኞና ሐሙስ ከገጠሩ ቀበሌዎች የሚመጡ የሲዳማ እናቶች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቆጮና ቡላቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቡና፣ የሸክላ ዕቃ፣ ቃጫ፣ አቮካዶ፣ ሸንኮራ ሁሉም ቦታ አለው። ከሸክላዎቹ መካከል ሻፌታ የሚባለው ሰፊ ገበታ ይገኛል፤ በቅቤ የራሰው የእንሰት ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ የሚቀርበው በእርሱ ነው። የሐዋሳን ምግብ በዓሣ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ግማሹን ሳያውቅ ተመለሰ ማለት ነው። ቡርሳሜ በሻፌታ ዙሪያ ተሰብስበው የሚበሉት፣ ብቻውን የማይበላ ምግብ ነው።

ይህ መሰባሰብ ወደ አደባባይ ሲወጣ ቦታው ጉዱማሌ ነው። የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ጫምባላላ፣ አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ቀኑን ሲያበስሩ፣ በሐዋሳ አደባባይ የሚወጣው በዚህ ሐይቅ ዳር መስክ ነው። ዋዜማው ላይ ቤተሰብ በእርጥብ ቅርንጫፍ በተሠራ ሁሉቃ ሥር ይሾልካል፤ በማግስቱ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። ከብት አይታረድም፤ ጥሩ ሣር ወዳለበት ይሰማራል። ሽማግሌዎች ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ዜማ እያሰሙ ወደ መስኩ ሲገቡ ሺዎች ይከተላሉ። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በዓሉ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም ሰፊ፣ ክፍት፣ ዛፍና ውኃ ያለበት ቦታ ነው። ጉዱማሌን ከመሸንሸን ያዳናት ከማንኛውም የመናፈሻ መመሪያ ይልቅ ይህ በዓል ሳይሆን አይቀርም።

አሞራ ገደል እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ያሉት ዋርካና ሾላዎቹ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚዘሉት ጉሬዛዎች፣ ከጎብኚው እጅ ሙዝ የሚነጥቁት ጦጣዎችና የጠዋቱ ገበያ ናቸው። የመግቢያ ክፍያ አለው። ከዚያ ገቢ ቢላዋ የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ፣ የዓሣው አጥንትና አንጀት የሚሰበሰብበት ገንዳ፣ ለሠራተኛና ለእንግዳ መጸዳጃ ቤት ሊወጣ ይገባል፤ ቦታው ላይ በቂ ቁጥጥር ቢኖር ትንሿን ቆሮሶ የያዘ መረብ የሚለይበት ቀላሉ በርም ይኸው ነው፤ ዓሣው ሁሉ በዓይን ፊት ያልፋልና።

ከቀትር በኋላ ገበያው ይበተናል። አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ አስጋሪዎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የተቀደደ መረባቸውን ይጠግናሉ። ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ስታዘቀዝቅ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ወደ መሐል ይቀዝፋሉ። ሌሎቹ ብዙም አይርቁም፤ ሸንበቆው ጥግ፣ ውኃው ለብ በሚልበት ቦታ ቆመው መረባቸውን ይዘረጋሉ።