የሰይፍና የወርቅ ሚዛን፦ የቪዲዮ ጌም ኢኮኖሚ ውጊያን እንዴት ይወስናል?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ፣ በሰሜን በኩል የምትገኘው ፍሪስኮ የጊርቦክስ ሶፍትዌር መቀመጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በይበልጥ የሚታወቀው «ቦርደርላንድስ» በተሰኙት ተከታታይ የቪዲዮ ጌሞቹ ነው። በ2022 ያወጣው «ታይኒ ቲናስ ወንደርላንድስ» ደግሞ ተጫዋቹን ወደ ግንብ፣ ወደ ዘንዶና ወደ አስማት ዓለም ይወስደዋል። በዚያ ዓለም ጀግኖች ከሰይፋቸው ጎን ጠመንጃ መታጠቃቸው የታሪክ ምሁራንን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል፤ ከጀርባው ያለው ስሌት ግን ቀልድ አይደለም።

የዚህ ዓይነት ጌም ፈጣሪዎች የውጊያውን ክብደትና የገንዘቡን ብዛት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አለባቸው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል። 100 የሕይወት ነጥብ ያለው ጠላት አለ እንበል። የተጫዋቹ ሰይፍ በአንድ ምት 10 ነጥብ ከቀነሰ ጠላቱን ለመጣል 10 ምት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው የተሻለ ሰይፍ በአንድ ምት 50 ነጥብ ይቀንሳል፤ ዋጋው 1000 ወርቅ ነው። በሰዓት 200 ወርቅ የሚያገኝ ተጫዋች ይህን ሰይፍ የሚገዛው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ፈጣሪዎቹ ለጋስ እንሁን ብለው ገቢውን ወደ 500 ቢያሳድጉት ግን በ2 ሰዓት ይገዛዋል፤ ጠላቱም ከዚያ ወዲያ በ2 ምት ይወድቃል። የጠላቱን ጉልበት የነካ የለም፤ ውጊያው ግን 3 ሰዓት ቀድሞ ቀለለ።

ይህን በውድ ዋጋ ከተማሩት አንዱ በዚያው በቴክሳስ፣ በኦስቲን የነበረው ኦሪጅን ሲስተምስ ነው። በ1997 ያወጣው «አልቲማ ኦንላይን» በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚኖሩበት የመካከለኛው ዘመን ዓለም ነበር። ፈጣሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ዝግ ኢኮኖሚ ነው፦ የብረቱ፣ የቆዳውና የሌላው ሀብት መጠን የተወሰነ ሆኖ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካ። ተጫዋቾቹ ግን ያገኙትን ሁሉ በሣጥን እያጨቁ አከማቹ። የተከማቸው ወደ ዑደቱ ስለማይመለስ አዲስ ሀብት የሚፈጠርበት መንገድ ጠበበ። ዝግ ሥርዓቱ ሲተው ደግሞ ተቃራኒው መጣ፤ ከተገደሉ ጭራቆች የሚፈልቀው ወርቅ በቂ መውጫ በማጣቱ ዋጋው ረከሰ።

በኢትዮጵያ ለዘመናት በገንዘብነት ያገለገለው አሞሌ ጨው ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ ያለማቋረጥ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ይሁንና በጉዞ ይሰበራል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል፣ ሲያስፈልግም ወጥ ውስጥ ይገባል። ምንጭም መጥፊያም ያለው ገንዘብ ነበር። የጌም ወርቅ ግን አይሰበርም፣ አይሟሟም፣ አይበላም፤ መጥፊያውን ሰው ካላበጀለት ይከማቻል።

በ«ቦርደርላንድስ» ከተበጁት መጥፊያዎች አንዱ ሞት ነው። የወደቀ ተጫዋች ወደ ሕይወት ሲመለስ ካለው ገንዘብ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ ይቆረጥበታል። ክፍያው ለሁሉም እኩል ቢሆን ኖሮ ጀማሪውን ባራቆተ፣ ባለጸጋውን ግን ባልተሰማው ነበር። እንዲያም ሆኖ ጨዋታው ሲገፋ ገንዘቡ ትርፍ ይሆናል፤ እውነተኛው ሀብት ከጠላት የሚወድቀው ብርቅ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የኩባንያው ከባድ ውሳኔ የሚያርፈው በዋጋ ላይ ሳይሆን፣ ያ መሣሪያ ከስንት ግድያ በኋላ ይውደቅ በሚለው ዕድል ላይ ነው።

ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አልሰመረለትም። በ2020 በ«ቦርደርላንድስ 3» ላይ «ሜይሄም» የተሰኘውን የክብደት እርከን እስከ 10 ከፍ ሲያደርግ የጠላቶቹ ሕይወት እጅግ ጨመረ፤ የመሣሪያዎቹ ኃይል ግን በዚያው ልክ አላደገም። በላይኛው እርከን ሊያዋጉ የሚችሉት ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ሆኑ። ለወራት የተሰበሰበ ምርኮ በአንድ ማሻሻያ ዋጋ ሲያጣ ተጫዋቾች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ ያጡት ጊዜያቸውን ነውና። ኩባንያው በኋላ ባወጣቸው ማሻሻያዎች የመሣሪያዎቹን ኃይል ከፍ አድርጓል።

በ«ወንደርላንድስ» ደግሞ ታሪኩን የጨረሰ ሰው «ኬዮስ» የተባለውን እርከን ራሱ ይመርጣል። እርከኑ ሲጨምር ጠላቱ ይጠነክራል፤ ብርቅ ምርኮ የማግኘት ዕድልም አብሮ ያድጋል። በዓለሙ ጥጋጥግ የተደበቁ ዳይሶችን ያገኘም ዕድሉ ይሻሻላል፤ ስለዚህ መግደል ብቻ ሳይሆን መፈለግም ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ፈጣሪዎቹ ሊጠነቀቁለት የሚገባው አንድ ስሌት አለ። በላይኛው እርከን አንድን ጠላት ለመጣል የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ሆኖ፣ የምርኮው ዕድል ግን በግማሽ ብቻ ከጨመረ፣ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ተጫዋች ወደ ታችኛው እርከን ወርዶ ያንኑ ቀላል ጠላት ሲደጋግም ያመሻል።