ያውቁ ኖሯል? ሻምፒዮኑ በድምፅ ይለይበት የነበረው ፉትቦል

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (በእጅ በሚያዘው ሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ማለት ነው) ሻምፒዮኑን ለብዙ ዘመን ሲለይ የኖረው የጋዜጠኞችና የአሠልጣኞች ድምፅ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ ሳምንታዊ ደረጃውን ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት የመጨረሻውን ደረጃ ያወጣ የነበረው «ቦውል» የሚባሉት የወቅቱ ማሳረጊያ ግጥሚያዎች ከመደረጋቸው በፊት ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

በ1947 ኖትር ዳም አንደኛ ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ሚሺጋን ግን በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት በሮዝ ቦውል ዩኤስሲን 49 ለ0 ድባቅ መታው! ጫጫታው ስለበረታ ጋዜጠኞቹ ሁለቱን ቡድኖች አወዳድረው ድጋሚ ድምፅ ሰጡ፤ ሚሺጋን 226 ለ119 በለጠ። ሆኖም ድጋሚው ይፋዊ አልነበረምና ክብሩ ከኖትር ዳም እጅ አልወጣም።

የአሠልጣኞቹም ምርጫ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ1973 አላባማን ሻምፒዮን ካሉት በኋላ አላባማ በሹገር ቦውል 24 ለ23 ተረታ። ያሸነፈው ማን ይመስልዎታል? ያው ኖትር ዳም።

ዛሬ ለዋንጫ የሚፋለሙትን የሚለየው ኮሚቴ ነው፤ ሙግቱ ግን አልበረደም። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ የኮንፈረንሱንም (የሚወዳደርበትን ምድብ) ዋንጫ አንስቶ፣ ዋና ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) በመጎዳቱ ያኔ ለዋንጫው ከሚፋለሙት አራት ቡድኖች ውጭ ተደረገ። ደጋፊዎቹ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ብዙ ተጫዋቾቹ ባልተሰለፉበት ኦሬንጅ ቦውል ደግሞ በጆርጂያ 63 ለ3 ተሸነፈ።

ከ2024 ጀምሮ ተፋላሚዎቹ 12 ሆነዋል፤ ደረጃ የሚያወጣው ግን አሁንም ኮሚቴው ነው።