የሴቶች ሕመም በአገር መዝገብ ሲጻፍ

ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለውን ሕመም ስሙን ያልሰሙ አንባብያን ብዙ ይሆናሉ፤ ሥቃዩ ግን ለብዙ ቤት እንግዳ አይደለም። የማኅፀንን ውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ልባስ የሚመስል አካል ከማኅፀን ውጭ፥ በእንቁላል ማምረቻው፥ በአንጀትና በፊኛ ላይ ይበቅልና ብርቱ ሕመም ያመጣል፤ አንዳንዴም መውለድን ያግዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶው ዐሥሩ ያህል፥ ይኸውም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፥ እንዳለባቸው ይገምታል። መነሻው ግን እስካሁን በትክክል አልታወቀም፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም።

የስም መጥሪያ መዝገብ የያዘ መምህር ሁሉ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን የምትቀር ተማሪ ያውቃል። መዝገቡ የቀረችበትን ቀን የሚጻፍበት ዓምድ አለው፤ ምን ሆና እንደ ቀረች የሚጻፍበት ግን የለውም። የወር አበባ ሕመም የሴት ዕጣ ነው እየተባለ ይታለፋልና ልጅቱም አፍራ ዝም ትላለች።

በሐኪሞችም ዘንድ ችግሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝቧ የግል ቁጥር ሰጥታ፥ ከ1977 ጀምሮ ሆስፒታል የተኙትን ሰዎች ሕመም በአገር አቀፍ መዝገብ ታስጽፋለች። በዚያ ቁጥር አማካይነት አንዲት ሴት በወጣትነቷ ያገኛትን ሕመም ከብዙ ዓመት በኋላ ከደረሰባት ጋር ማስተያየት ተችሏል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሆስፒታል ደጅ ሳትደርስ በቤቷ የምትሠቃየውን እንዲህ ያለ መዝገብ አያውቃትም።

አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ ሕመም ብሔራዊ ዕቅድ አወጣች፤ ሥቃዩ ከጀመረ በኋላ ሕመሙ ታውቆ ስም እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመት እንደሚያልፍም በግልጥ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ለምርምር የሚሆን አገር አቀፍ የታማሚዎች መዝገብ ተከፍቷል።

ለእንዲህ ያለ መዝገብ ዋናው ነገር ጥያቄው ነው ብንል አልተሳሳትንም። አንዱ ሐኪም «ጥቂት ያማታል»፥ ሌላው «በጣም ያማታል» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱን ማመዛዘን አይቻልም። ስለዚህ የብዙ አገር ተመራማሪዎች ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ዓይነት ቅጽ አሳተሙ። ታማሚዋ ሕመሙ የት እንደሚሰማት፥ መቼ እንደ ጀመራትና ምን ያህል እንደሚበረታባት በራሷ ቃል ትመልሳለች፤ ቀዶ ጥገና ያደረገው ሐኪም ደግሞ ያየውን በቦታውና በመጠኑ ይጽፋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ጥቂት ነገር ያየባት ሴት እጅግ ልትሠቃይ፥ ብዙ ያየባት ደግሞ ምንም ላይሰማት ይችላል። የሐኪሙ ዓምድ ብቻ ቢሞላ መዝገቡ ግማሽ እውነት ነው።

ምስጢርም መጠበቅ አለበት፤ ስሟ ከሕመሟ ተለይቶ በቁጥር ብቻ ሊጻፍ፥ እርሷም ወድዳ ስትገባ ወድዳ ልትወጣ ይገባል። ይህ በቅን መዝጋቢ እጅ የሚፈጸም ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን፥ ዛሬ በ20 ዓመቷ የተመዘገበችው ልጅ አግብታ፥ ቤት ለውጣ፥ ምናልባትም አገር ቀይራ ሳለች፥ በዐሥረኛው ዓመት የሚላክላትን መጠይቅ አግኝታ መመለሷ ነው።