አጥንት ሰባሪው አሞራና ጫጩቱ

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን አቀበት ስትወጡ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ በገደሉ አፋፍ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ አሞራ አይታችሁ ይሆናል። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከምንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም አለው። ደረቱ የቀላው በቀይ አፈር ስለሚታሽ ነው እንጂ ላባው በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ይህ አጥንት ሰባሪው አሞራ ነው።

ምግቡ ምንድን ነው? ሌሎች አሞሮች ሥጋውን በልተው ሲሄዱ እርሱ የቀረውን አጥንት ይለቅማል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል። ትልቁን ግን በእግሩ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና በዐለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ አንሥቶ ደግሞ ይጥለዋል። በሆዱ ያለው ኃይለኛ አሲድ አጥንቱን ያሟሟዋል።

ጫጩቱንስ እንዴት ያሳድጋል? ወንዱና ሴቷ ሰው በማይደርስበት ገደል ላይ ከጭራሮ ጎጆ ይሠራሉ፤ ውስጡንም በበግ ጠጉር ያለሰልሱታል። ሴቷ 1 ወይም 2 እንቁላል ትጥላለች። እናትና አባት እየተፈራረቁ ለ55 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ሁለት ጫጩቶች ቢፈለፈሉም ብዙውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ለመብረር 4 ወር ያህል ይፈጅበታል። አጥንት ጥሎ መስበርን ለመልመድ ደግሞ ዓመታት ያስፈልጉታል።

ልጆች፣ ዶሮ በዓመት ብዙ ጫጩት ትፈለፍላለች። ይህ አሞራ ግን በዓመት ከአንድ በላይ አያሳድግም። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ቶሎ አይተካም። በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮች ሰዎች በግ ይሰርቃል ብለው በጥይትና በመርዝ ፈጁትና ፈጽሞ ጠፋ። በኋላ ተጸጽተው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በብዙ ድካም መልሰው አስገቡት። በእኛ ተራሮች ግን ፈጣሪ እንዳኖረው አለ።

ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ይህንንም አሞራ ይገድላል። እንግዲህ እናንተ ወደ ጎጆው ድንጋይ አትወርውሩ፤ ሜዳ ላይ መርዝ የተደረገበት ሥጋ ካያችሁም ሳትነኩ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።

ጥያቄ
1. አሞራው ትልቅ አጥንት የሚሰብረው እንዴት ነው?
2. እንቁላሉን የሚታቀፈው ማን ነው?
3. አንድ አሞራ ሲሞት ቶሎ የማይተካው ለምንድን ነው?