ቀጣዩን ከራሱ የሚያወጣ አሰላለፍ

1፣ 2፣ 3 እና 4 በኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። እንዲህ በተራ የተደረደሩ ቦታዎችን ፕሮግራመሮች አሬይ ይሏቸዋል። ቁጥር ሳንጨምርና ሳንቀንስ ቦታቸውን ብቻ ስናቀያይር የምናገኘው እያንዳንዱ አሰላለፍ ደግሞ ፐርሙቴሽን ነው።

ለመጀመሪያው ቦታ አራት ምርጫ አለን፤ ለሁለተኛው ሦስት፣ ለሦስተኛው ሁለት፣ ለመጨረሻው አንድ። ሲባዙ 24 ይሆናሉ። ቁጥሮቹ ዐሥር ከሆኑ 3,628,800 ይደርሳሉ። ሃያ ሲሆኑማ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አሰላለፍ የሚያወጣ ማሽን እንኳ ለመጨረስ 77 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሁሉንም አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ስለማይታሰብ፣ አሁን ያለውን አሰላለፍ ብቻ አይቶ ቀጣዩን ማውጣት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆነውን ሕግ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ናራያና ፓንዲታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደርሶበታል። ዛሬም ከእሱ የተሻለ ግልጽ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

አሰላለፎቹን እንደ ቁጥር አንብበን ከትንሹ ወደ ትልቁ ስንሄድ አሬያችን 2 4 3 1 ላይ ደርሷል እንበል። ከቀኝ ጫፍ ተነስተን ወደ ግራ እንሂድ። 1፣ 3፣ 4 እያደጉ ይመጣሉ፤ 2 ላይ ስንደርስ እድገቱ ይሰበራል። ይህ ስብራት ብዙ ይነግረናል። ከ2 በስተቀኝ ያሉት ከትልቅ ወደ ትንሽ ስለተሰለፉ፣ 2 መሪ ሆኖ ሊወጡ የሚችሉት አሰላለፎች ሁሉ አልቀዋል። መቀየር ያለበት ራሱ 2 ነው። በማን? ከቀኙ ወገን ከ2 ከሚበልጡት መካከል በትንሹ፤ እሱም 3 ነው። ሲለዋወጡ 3 4 2 1 ይሆናል። አሁን ከ3 በኋላ ያለው ጭራ በተቻለ መጠን ትንሽ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው የሕጉ ውበት፤ ጭራው ከልውውጡ በኋላም ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደወረደ ስለሆነ እንደገና መደርደር አያሻውም፣ መገልበጥ ብቻ ይበቃዋል። ውጤቱ 3 1 2 4። በ2431 እና በ3124 መካከል በእነዚሁ አራት አኃዞች የሚጻፍ ሌላ ቁጥር የለም፤ እርስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ።

4 3 2 1 ላይ ስብራት አይገኝም፤ ያኔ ሥራው አልቋል። ተደጋጋሚ ቁጥር ቢኖርም ሕጉ አይሳሳትም። ከ1 1 2 የሚወጡት 1 1 2፣ 1 2 1 እና 2 1 1 ብቻ ናቸው፣ አንዱም ሁለት ጊዜ አይመጣም። ድካሙም ትንሽ ነው። ከአሰላለፎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ማለዋወጥ ብቻ ይበቃል። በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ይህ ሥራ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ በመሆኑ በአንድ መስመር ይጠራል።

ሌላ መንገድም አለ፤ እሱን ያመጡት ደግሞ የእንግሊዝ ደወል ደዋዮች ናቸው። ከባድ ደወል በአንድ ዙር ተራውን ብዙ ማራቅ ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ደወል ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ቦታ እየተለዋወጠ አሰላለፎቹን ሳይደግሙ የሚያዳርሱበትን ዘዴ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አዳበሩ። በሦስት ደወል 123፣ 213፣ 231፣ 321፣ 312፣ 132 ብሎ ያልቃል። ስምንት ደወል ግን 40,320 አሰላለፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በላፍቦሮ ከተማ ስምንት ሰዎች ሁሉንም ሳያቋርጡ ሲደውሉ ወደ 18 ሰዓት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።